ኤድስን በትልልቅ ከተሞች መግታት ይቻላል? ከአዲስ አበባ እስከ ኮለምበስ

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። አባባሉ ለማንኛውም ሕመም የሚሠራ ቢሆንም እንደ ኤድስ በግልጽ የተመሰከረበት በሽታ ያለ አይመስልም። በ1990ዎቹ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው በየለቅሶ ቤቱ ይባል የነበረውን አይዘነጋም። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ምን አሟት ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሳንባ ነው»፣ «ብርድ መቷት ነው»፣ «ጉበት ነው አሉ» የሚል መልስ ይሰጠው ነበር። «አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ነበር» ከተባለ ደግሞ ጠያቂው ራሱን ነቅንቆ ዝም ይላል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ስሙን አይጠራም።

ከዚያ ወዲህ 30 ዓመት ገደማ አልፏል። በእነዚህ ዓመታት ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ኮለምበስ፣ ኦሃዮ ድረስ መጥተው ከተማዋን አገራቸው አድርገዋል። መድኃኒቱም፣ ሕጉም፣ ሕክምናውም ተለውጧል። ይሁን እንጂ አንድ ወገን ታሞ ሆስፒታል ሲገባ የሚወራው ወሬ ከለቅሶ ድንኳኑ ዘመን ብዙ አልራቀም። «ስኳር ነው አሉ»፣ «ሥራው በዝቶበት ነው»፣ «ጭንቀት ነው» ይባላል።

የጤና ባለሥልጣናት በበኩላቸው ዛሬ ሌላ ጥያቄ ያነሣሉ። ኤች አይ ቪን ከአንድ ትልቅ ከተማ ጨርሶ መግታት ይቻላል ወይ? የሚሉ ሲሆን፣ መልሳቸውም «አዎን፣ መሣሪያው በእጅ አለ» የሚል ነው። ታዲያ መሣሪያው እያለ የቀረው ምንድን ነው? ለስደተኛው ማኅበረሰብ ይህ ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው።

አዲስ አበባ ያሳለፈችው

በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በይፋ የተመዘገቡት በ1986 ነው። ከዚያ በኋላ በሽታው በፍጥነት ተዛመተ፤ ከሁሉም በላይ የጎዳውም ከተሞችን ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ የእርግዝና ክትትል ጣቢያዎች በተደረጉ የደም ጥናቶች፣ ከ10 ነፍሰ ጡሮች ከአንዷ በላይ ቫይረሱ ተገኝቶባቸዋል። በጊዜው ለሕዝቡ የሚደርስ መድኃኒት አልነበረም። የመመርመር ትርፉም ለብዙዎች የሞት ፍርድን አስቀድሞ መስማት ብቻ ነበር። ስለዚህ ሰው ለምን እንደደበቀ መረዳት አያስቸግርም።

ከ2001 ጀምሮ ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየሙስሊም መቃብሩና በማዘጋጃ ቤት የቀብር ሥፍራዎች የሚፈጸመውን ቀብር መመዝገብ ጀመሩ። የሟቾችን ቤተሰቦች እየጠየቁ የሕመሙን ምልክቶች ሲያጣሩ፣ በጉልምስና ዕድሜ ላይ ሳሉ ከሞቱት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በኤድስ ምክንያት መሞታቸው ታወቀ። በለቅሶ ቤት «ሳንባ» የተባለው ምን እንደነበር መዝገቡ ገለጠው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ግን ተስፋ የሚሰጥ ነው። በ1998 ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ጥቂት ደፋር ሰዎች «የተስፋ ጎህ» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ፊታቸውን ሳይሸፍኑ በአደባባይ መናገር የጀመሩትም እነርሱና መሰሎቻቸው ናቸው። በ2003 ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታልን በመሳሰሉ ቦታዎች ሕዝቡ «የዕድሜ ማራዘሚያ» ያለው መድኃኒት በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በ2005 መጀመሪያ ላይ ደግሞ በነፃ ይታደል ጀመር። ለዚህም አሜሪካ በ2003 ያቋቋመችው ፔፕፋር የተባለው የርዳታ ፕሮግራምና ግሎባል ፈንድ ዋናውን ወጪ ሸፍነዋል።

በዚያን ጊዜ ብዙ ሕሙማን እንጦጦ ጸበል ይጠመቁ ነበር። መድኃኒት የሚወስድ ሰው እምነት እንደጎደለው የሚቆጥሩ ስለነበሩ ክኒናቸውን የጣሉ ጥቂቶች አልነበሩም። በ2007 ግን ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ፣ አንዱ ሌላውን እንደማይከለክል በይፋ አስታወቁ። ይህ ቃል ከብዙ ፖስተርና ከብዙ የሬዲዮ ማስታወቂያ የበለጠ ሰው አዳነ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ውጤቱ በዚያው በቀብር መዝገብ ላይ ታየ። መድኃኒቱ በነፃ መታደል በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ አበባ በኤድስ የሚሞቱ ጎልማሶች ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ በቫይረሱ የተያዙ ጎልማሶች 0.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በአዲስ አበባ ግን 3.4 በመቶ ነበሩ። የከተማና የገጠር ልዩነቱም ሰፊ ነው፤ በከተሞች 2.9 በመቶ፣ በገጠር 0.4 በመቶ።

ከ2017 እስከ 2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተካሄደ ሌላ ሰፊ ጥናት ደግሞ ክፍተቱ የት እንዳለ አሳይቷል። ቫይረሱ በደማቸው ካለባቸው ጎልማሶች መያዛቸውን የሚያውቁት 79 በመቶ ብቻ ነበሩ። ካወቁት መካከል ግን 97 በመቶዎቹ መድኃኒት ጀምረዋል፤ ከጀመሩት ውስጥም 88 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ቫይረሱን በደማቸው ውስጥ አዳክመውታል። በሌላ አነጋገር፣ ያወቀ ሰው መድኃኒቱን ይወስዳል፣ መድኃኒቱም ይሠራል። የጎደለው የመጀመሪያው እርምጃ፣ ማለትም ምርመራው ነው።

ሌሎች ከተሞች እንዴት ቀነሱት?

ኤድስ ከጅምሩ የከተማ በሽታ ነበር። ሰው በብዛት በሚሰበሰብበት፣ ከየአቅጣጫው በሚመጣበትና ጎረቤት ጎረቤቱን በማያውቅበት ቦታ ይዛመታል። በአንፃሩ ሆስፒታሉም፣ ሐኪሙም፣ ገንዘቡም ያለው ከተማ ውስጥ ነው። በዚህም ምክንያት በታኅሣሥ 2014 የበርካታ ታላላቅ ከተሞች ከንቲባዎች ፓሪስ ላይ ተገናኝተው ከተሞች በሽታውን በመግታት ረገድ ግንባር ቀደም እንዲሆኑ ቃል ገቡ።

ውጤት የታየባቸው ከተሞችም አሉ። በኒውዮርክ ከተማ በ2001 በአንድ ዓመት ብቻ ከ5 ሺህ በላይ ሰዎች በምርመራ ቫይረሱ ሲገኝባቸው፣ በ2023 ቁጥሩ ወደ 1 ሺህ 700 ገደማ ወርዷል። በአውስትራሊያ፣ በሲድኒ ከተማ እምብርት በሽታው ይበልጥ ያጠቃቸው በነበሩት ወንድ ከወንድ ጋር ግንኙነት በሚያደርጉ ሰዎች ዘንድ አዲስ የሚያዘው ቁጥር በ12 ዓመት ውስጥ በ88 በመቶ መቀነሱ በ2023 ተገልጿል።

ይህ የሆነው በሦስት ነገሮች ነው። አንደኛው ምርመራን እንደ ደም ግፊት ልኬታ ተራ ነገር ማድረግ ነው። ሁለተኛው ቫይረሱ የተገኘበትን ሰው ሳይውል ሳያድር መድኃኒት ማስጀመር ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ በአግባቡ የሚወስድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ውስጥ በደሙ ያለው ቫይረስ በመሣሪያ እስከማይታይ ድረስ ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላ አያስተላልፍም። ይህ በ2016 እና በ2019 ይፋ በሆኑ ሰፋፊ ጥናቶች ተረጋግጧል፤ አንዱ ወገን ብቻ ቫይረሱ ያለበት በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጥንዶች ለዓመታት ያለ ኮንዶም ቢኖሩም መድኃኒቱን በአግባቡ ከሚወስደው የትዳር ጓደኛው የተያዘ አንድም ሰው አልተገኘም። ስለዚህ ዛሬ አንድን በሽተኛ ማከም ከርሱ ሊይዝ የሚችለውን ሰው ሁሉ መከላከል ማለት ነው።

ሦስተኛው ላልተያዘ ሰው የሚሰጥ መከላከያ ነው። «ፕሬፕ» የሚባለው ክኒን በአሜሪካ የተፈቀደው በ2012 ሲሆን፣ በየሁለት ወሩ የሚሰጥ መርፌ በ2021፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የሚወጉት ሌናካፓቪር የተባለው መርፌ ደግሞ በሰኔ 2025 ተፈቅዷል። ይህ የመጨረሻው መድኃኒት በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ሲሞከር መርፌውን ከወሰዱት ከ2 ሺህ በላይ ሴቶችና ልጃገረዶች አንዲት እንኳ በቫይረሱ እንዳልተያዘች በ2024 ተገልጿል። ድንገት ለአደጋ የተጋለጠ ሰውም ቢሆን በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ከደረሰ ለ28 ቀን የሚወሰድ «ፔፕ» የተባለ መድኃኒት አለለት። ቀኑ ካለፈ ግን አይሠራም።

ይሁን እንጂ ከሲድኒው ሪፖርት ውስጥ ስደተኛው ማኅበረሰብ ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሽታው በከተማው እምብርት እንደዚያ ሲቀንስ፣ በዳር ሰፈሮችና ከውጭ አገር በመጡ ሰዎች ዘንድ የቀነሰው በመጠኑ ብቻ ነው። መድኃኒቱ አንድ፣ ከተማውም አንድ ሆኖ ሳለ፣ ቋንቋውን የማይችለውና የሕክምናውን መንገድ የማያውቀው ሰው ወደ ኋላ ቀርቷል።

ኮለምበስ የት ላይ ናት?

የአሜሪካ መንግሥት በየካቲት 2019 ኤች አይ ቪን የመግታት ብሔራዊ ዕቅድ ሲያወጣ በመላ አገሪቱ ከሚገኙት አዲስ የምርመራ ውጤቶች ከግማሽ በላይ የሚመዘገቡባቸውን ጥቂት ቦታዎች ለይቶ ነበር። ከኦሃዮ የተመረጡት ሦስት ካውንቲዎች ናቸው፤ ክሊቭላንድ ያለችበት ካያሆጋ፣ ሲንሲናቲ ያለችበት ሃሚልተንና ኮለምበስ ያለችበት ፍራንክሊን። ዕቅዱ አዲስ የሚያዙ ሰዎችን ቁጥር በ2025 በ75 በመቶ፣ በ2030 ደግሞ በ90 በመቶ ለመቀነስ ነበር። የተሠራው ከዕቅዱ ብዙ ያነሰ ነው፤ ከ2018 እስከ 2022 የቀነሰው 12 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች 1.2 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ ከ100ው 13ቱ ያህል መያዛቸውን አያውቁም።

ኮለምበስ በአገልግሎት ረገድ ድሃ ከተማ አይደለችም። ፓርሰንስ አቬኑ ላይ፣ ቀድሞ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት በነበረው ሕንፃ የሚገኘው የከተማው ጤና መምሪያ የምርመራ ክሊኒክ አለው። በ1984 የኮለምበስ የኤድስ ግብረ ኃይል ተብሎ የተጀመረው ድርጅት ዛሬ ኢኩዊታስ ሄልዝ በሚል ስም ሕክምናና ድጋፍ ይሰጣል። ኔሽንዋይድ የሕፃናት ሆስፒታል ቫይረሱ ላለባቸው እናቶች፣ ሕፃናትና ቤተሰቦች የሚያገለግል ክፍል አለው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም በተላላፊ በሽታ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉት። ኢንሹራንስ ለሌለው ወይም ገቢው ለማይበቃው ሰው በ1990 በወጣው የራያን ኋይት ሕግ መሠረት የሚሰጥ ርዳታና የኦሃዮ ስቴት የመድኃኒት መግዣ ድጋፍ አለ። የሜዲኬድም ሆነ የሌላው ርዳታ ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ፣ ለማን እንደሚሰጥ የክሊኒኩን ማኅበራዊ ሠራተኛ መጠየቅ ይበጃል።

እንግዲህ ቦታው አለ፣ መድኃኒቱም አለ። ሐበሻው ወደዚያ እንዳይሄድ የሚይዙት ግን ሌሎች ነገሮች ናቸው።

ሁለት ያረጁ እምነቶች

የመጀመሪያው «ኤች አይ ቪ ከተገኘብኝ ወደ አገሬ ይመልሱኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ይህ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። አሜሪካ ከ1987 ጀምሮ ቫይረሱ ያለበት የውጭ አገር ሰው እንዳይገባ ትከለክል ነበር፤ በ1993ም ክልከላው በሕግ ጸና። አዲስ አበባ ውስጥ ዲቪ ደርሶት፣ ቤቱን ሸጦ፣ ዘመድ ተሰናብቶ ሳለ በሕክምና ምርመራው ውጤት ምክንያት ስለቀረ ሰው ያልሰማ የለም። በእጮኝነት ጉዳይ፣ በቤተሰብ ጥሪም የቀሩ ነበሩ። ስደተኞች ልዩ ፈቃድ የሚጠይቁበት መንገድ ቢኖርም አስቸጋሪ ነበር።

ይህ ክልከላ ግን ቀርቷል። ኮንግረሱ በ2008 ሕጉን ሽሮ፣ ከጥር 4 ቀን 2010 ጀምሮ ኤች አይ ቪ ወደ አሜሪካ ለመግባትም ሆነ ግሪን ካርድ ለማግኘት ከሚከለክሉ በሽታዎች ዝርዝር ወጥቷል፤ በኢሚግሬሽን ምርመራ ላይም አይጠየቅም። ቫይረሱ ተገኘበት ተብሎ ብቻ ወረቀቱን የሚነጠቅ ሰው የለም። የክሊኒክ ውጤት በሕግ በምስጢር የተያዘ ነው። ቫይረሱ ሲገኝ ለስቴቱ ጤና መምሪያ የሚተላለፍ ቢሆንም ይህ የበሽታውን ሁኔታ ለመከታተልና ሕመምተኛውን ከሕክምና ጋር ለማገናኘት ነው። ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው ስለ ራሱ ሁኔታ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢጠይቅ መልካም ነው፤ ምርመራውን ግን ለጠበቃ ብሎ ማቆየት አያሻም።

ሁለተኛው እምነት የመጀመሪያው ተቃራኒ ነው። «እኔ ተመርምሬ፣ አልፌ ነው የመጣሁት» የሚለው ነው። ከ2010 በፊት የመጡ ብዙዎች አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ ወይም ካርቱም ላይ ደማቸውን ሰጥተው ነፃ ተብለው ገብተዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የ2004 ወረቀት የሚናገረው ስለ 2004 ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው አግብቷል፣ ፈትቷል፣ አገር ቤት ተመላልሷል፣ ሌላ ሰው ተዋውቋል። ባልም ሚስትም አንዳቸው ከሌላቸው ቀድመው መጥተው ለዓመታት ተለያይተው የኖሩበት ትዳር ጥቂት አይደለም። የድሮ ወረቀት ከዚህ ሁሉ አይጠብቅም። ከ2010 ወዲህ የመጣው ደግሞ በቪዛ ምርመራው ላይ ጨርሶ አልተጠየቀም። ስለዚህ «ቢኖርብኝ ኖሮ ይነግሩኝ ነበር» የሚል ሰው ማንም ያልመረመረው ሊሆን ይችላል።

«አስተርጓሚው ቢያውቀኝስ?»

ሌላው እንቅፋት ደግሞ ኮለምበስ ለሐበሻ ትንሽ ከተማ መሆኗ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚያስቀድስ፣ በአንድ መስጊድ የሚሰግድ፣ በአንድ ዕድር የሚያዋጣና በአንድ ሱቅ እንጀራ የሚገዛ ሰው እርስ በርሱ ይተዋወቃል። ሐኪም ቤት የሚመጣው አስተርጓሚም ከዚያው የወጣ ነው። «ዛሬ ለሐኪም የነገርኩት እሑድ ለቡና ይቀርባል» ብሎ የሚሰጋ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም።

ይሁንና መብትን ማወቅ ይጠቅማል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ሁሉ እንግሊዝኛ ለሚያስቸግረው ሰው ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ሕመምተኛው ልጁን ወይም የአክስቱን ልጅ ይዞ እንዲመጣ ሊገደድ አይገባም። በአካል የመጣው አስተርጓሚ የሚያውቀው ሰው ከሆነ «በስልክ ይሁንልኝ» ማለት ይችላል። በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ስቴት ተቀምጦ የሚሠራ ሲሆን፣ ሐኪሙም የሕመምተኛውን ስም ሳይጠራ ሊያነጋግረው ይችላል። ሙያው ያላቸው አስተርጓሚዎችም ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው።

«ለባለቤቴ እንዴት እነግራታለሁ?» ለሚል ሰውም መንገድ አለ። የጤና መምሪያ ሠራተኞች ለአደጋ የተጋለጠውን ሰው ራሳቸው ፈልገው «መመርመር ይገባሃል» ወይም «መመርመር ይገባሻል» ሊሉ ይችላሉ፤ ማን እንደጠቆመ ግን አይናገሩም። ክሊኒክ ደጃፍ መታየት የማይፈልግ ሰው ደግሞ ከ2012 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ በፋርማሲ የሚሸጠውን የቤት ውስጥ መመርመሪያ ገዝቶ በምራቁ ራሱን መመርመር ይችላል። በዚህ ቫይረሱ ከታየበት ግን ውጤቱን በክሊኒክ ማረጋገጥ አለበት።

መዘግየት የሚያስከትለው

በ2008 የታተመ አንድ ጥናት ኒውዮርክን፣ ሚኒሶታን፣ ሲያትልንና ሌሎች ብዙ አፍሪካውያን የሚኖሩባቸውን አካባቢዎች ተመልክቶ፣ አፍሪካ ውስጥ የተወለዱ ሰዎች ከሕዝቡ 0.6 በመቶ ብቻ ሆነው ሳለ በምርመራ ቫይረሱ ከተገኘባቸው ሰዎች ግን 3.8 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። አሜሪካ ውስጥ ቫይረሱ በብዛት የሚገኘው ወንድ ከወንድ ጋር ግንኙነት በሚያደርጉ ሰዎች ዘንድ ስለሆነ፣ ብዙ ሐበሻ «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ከአፍሪካ በመጡ ሰዎች መካከል ግን አብዛኛው የሚተላለፈው በወንድና በሴት ግንኙነት ነው፤ ከተያዙትም ሴቶቹ ብዙ ናቸው። ሌሎች ጥናቶችም በተደጋጋሚ የሚያሳዩት አፍሪካዊው ስደተኛ የሚመረመረው ዘግይቶ፣ ሕመሙ ከበረታበት በኋላ መሆኑን ነው።

እንበል፣ አንድ የ45 ዓመት አባወራ ሌሊት ዌርሃውስ፣ ቀን ደግሞ ታክሲ ይሠራል። ክብደቱ ይቀንሳል፤ «ሥራ ነው» ይላል። ሌሊት ያልበዋል፣ ሳሉም አልለቅ ይለዋል። ሁለት ጊዜ ኢመርጀንሲ ሄዶ የሳል መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። ሐኪሙ ስለ ኤች አይ ቪ አይጠይቀውም፣ እርሱም አያነሣም። በሦስተኛው ጊዜ መተንፈስ አቅቶት ሲገባ የሳንባ ምቹ ሆኖ ይገኛል፤ ደሙ ሲመረመርም የበሽታ መከላከያ ሴሎቹ ከ200 በታች ወርደዋል። ይህ ማለት ቫይረሱ ምናልባት ለብዙ ዓመታት አብሮት ኖሯል፤ ባለቤቱም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ለአደጋ ተጋልጣለች ማለት ነው። ይህ ሰው ከአምስት ዓመት በፊት ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ በቀን አንድ ክኒን እየዋጠ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሠርቶ ያድር ነበር። በጊዜ የታከመ ሰው ዛሬ የልጅ ልጅ ለማየት ይደርሳል።

የእናቶች ጉዳይም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር እናት ካልታከመች ቫይረሱ ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል ከ100 ከ15 እስከ 45 ሊደርስ ይችላል። በጊዜ ከታወቀና መድኃኒቱን ከወሰደች ግን ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። በመላ አሜሪካ ነፍሰ ጡር ሴቶች እንዲመረመሩ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2006 ጀምሮ ዕድሜው ከ13 እስከ 64 የሆነ ሰው ሁሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይመክራል። ስለዚህ ለዓመታዊ ምርመራ የቤተሰብ ሐኪሙ ዘንድ የሄደ ሰው የስኳርና የኮሌስትሮል ደም ሲሰጥ «ኤች አይ ቪውንም ጨምሩልኝ» ቢል ማንም በክፉ አያየውም። ይህ ቃል በማንኛውም አማርኛ ተናጋሪ ቤት ሊለመድ የሚገባው ነው።

የገንዘቡ ነገር

ስለ ወደፊቱ ሲታሰብ የሚያሳስቡ ነገሮችም አሉ። በጥር 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታን በድንገት ሲያቋርጥ በኢትዮጵያ በዚህ ገንዘብ ይቀጠሩ የነበሩ በሺህ የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። እዚህ አሜሪካ ውስጥም በዚያው ዓመት ኤች አይ ቪን በመከላከል ሥራ ላይ የነበሩ የፌዴራል ሠራተኞች ተቀንሰዋል። በሌላ በኩል የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2025 በሰጠው ውሳኔ፣ አብዛኞቹ የጤና ኢንሹራንሶች እንደ ፕሬፕ ያሉ መከላከያዎችን ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲሸፍኑ የሚያዘው ሕግ ጸንቷል።

የገንዘቡን ነገር ዋሽንግተን ይወስነዋል። አንድ ሰው ሄዶ መመርመሩ ወይም መቅረቱ ግን በዋሽንግተን አይወሰንም። አገር ቤት ያለ ወላጅ ወይም ወንድም መድኃኒቱ እንዳይቋረጥበት የሚሰጋ ከሆነም፣ ልጆቹ ከኮለምበስ ደውለው በግልጽ ሊጠይቁትና ሊረዱት የሚችሉት በሽታው ስም ኖሮት ሲነገር ነው።

ምን ይደረግ?

የአዲስ አበባ ታሪክ የሚያስተምረው ነገር አለ። በዚያ መድኃኒቱ ብቻውን ሰው አላዳነም። በአደባባይ የቆሙት የተስፋ ጎህ አባላት፣ «ጸበሉም መድኃኒቱም» ያሉት ፓትርያርክ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት የዞሩት ሴቶች አብረው ሠርተዋል። ኮለምበስ ውስጥም እንዲህ ያለው ሥራ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

ካህኑ ከስብከቱ መጨረሻ ላይ፣ ኢማሙ ከጁምዓ በኋላ ሁለት ደቂቃ ወስደው «ተመርመሩ፣ የታመመውን አታግልሉ» ቢሉ ከማንም ቃል በላይ ይሰማል። ለጋብቻ የሚዘጋጁ ጥንዶች ተመርምረው እንዲመጡ የመጠየቅ ልማድ በአገር ቤት በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የታወቀ ነው፤ እዚህም ሊጠናከር ይችላል። እንደ ኢትዮጵያ ተዋሕዶ ማኅበራዊ አገልግሎት ያሉ በከተማዋ ስደተኞችን የሚረዱ ድርጅቶች ከጤና መምሪያው ጋር ተነጋግረው የምርመራ ቀን ቢያዘጋጁ፣ በዚያው ቀን የደም ግፊትና የስኳር ምርመራም ቢጨመርበት፣ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ለምን እንደመጣ የሚያውቅ አይኖርም። ዕድሮች ሰው ሲሞት ለቀብር የሚያዋጡትን ያህል ባይሆንም በዓመት አንድ ስብሰባቸውን ለጤና ቢያውሉ አባል ያተርፋሉ። በየሆስፒታሉና በየነርሲንግ ሆሙ የሚሠሩ ብዙ ሐበሻ ነርሶች አሉ፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ የሚያስረዳ ሰው ከሩቅ መፈለግ አያሻም።

ከሁሉም በላይ ግን ለቅሶ ቤት ለሚነሣው ለዚያ ጥያቄ ያለው አመለካከት መለወጥ አለበት። አንድ ወገን መድኃኒት እንደጀመረ ሲሰማ «ወይኔ፣ ምን አድርጎ ይሆን?» ከማለት ይልቅ «እግዚአብሔር ይማርህ፣ አላህ ያሽርህ፣ መድኃኒትህን አታቋርጥ» ማለት ይቻላል። የደም ግፊት ክኒን ለሚውጥ ሰው የሚባለውም ይኸው ነው።

ኤች አይ ቪን በትልልቅ ከተሞች መግታት ይቻላል ወይ? ለሚለው ጥያቄ ኒውዮርክና ሲድኒ «አዎን» የሚያሰኝ መልስ ሰጥተዋል፤ አዲስ አበባም በራሷ መንገድ ብዙ ሄዳለች። የኮለምበስም መልስ ከዚህ የተለየ የሚሆንበት ምክንያት የለም። ክሊኒኩ ፓርሰንስ አቬኑ ላይ አለ፣ መድኃኒቱም አለ፣ የቪዛው ክልከላም ከ2010 ጀምሮ ቀርቷል። የቀረው ከሥራ አንድ ቀን ፈቃድ ጠይቆ፣ ባለቤትን ይዞ ሄዶ ደም መስጠት ነው።